የሐሮ ሜዳ ቁጥር ሃያ ሰባት መፍቻ

የሐሮ ሜዳ የጦር አየር ማረፊያ ታሪክ ሰኔ 30 ቀን 2081 ዓ.ም. ከቀኑ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጋ የተነገረን በግንቦት ወር ማለቂያ ላይ ነው። ማስታወቂያው በየቤታችን ግድግዳ ላይ ለሦስት ቀናት ሲበራ ሰነበተ። ታሪኩ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ አንዲት ፊደል እንደማትጨመርበትና እንደማትቀነስበት፣ ቅሬታ ያለው ሰው ግን እስከዚያው ድረስ በበር ቁጥር አንድ ቀርቦ ማስረዳት እንደሚፈቀድለት ይገልጽ ነበር። የከተማው ሰው አንብቦት ወደ ሥራው ሄደ። እኔ በዚያ ማረፊያ ሠላሳ አንድ ዓመት በመሣሪያ ክፍል ያገለገልሁ በመሆኔ ታሪኩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት።

ቀኖቹና ልኬቶቹ ትክክል ናቸው፤ ይህን መካድ አይገባኝም። ሜዳው በ1979 ዓ.ም. የጠጠር ማረፊያ ሆኖ መጀመሩ፣ በ2004 ዓ.ም. ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሜትር አስፋልት የተነጠፈለት መሆኑ፣ እኔ በ2021 ዓ.ም. ስቀጠር አሥራ ስምንት ተዋጊ ጀቶችና ሁለት የማጓጓዣ አውሮፕላኖች እንደነበሩት ሁሉ ሰፍሯል። የመጨረሻው አብራሪ በ2057 ዓ.ም. የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ በአውቶቡስ ከግቢው መውጣቱም አልተዘለለም። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ የሚያድር ሰው የለም። ሰው አልባዎቹ አውሮፕላኖች ራሳቸው ይነሣሉ፣ ራሳቸው ይመለሳሉ፤ የት ደርሰው እንደመጡ አይነገረንም።

እኛ የምናውቀው ርጋታውን ነው። በየሃያ ደቂቃው አንድ ወፍራም ድምፅ ከግቢው ይሰማል። በዚያን ጊዜ ከመንደርደሪያው በአራት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለአርባ ሰከንድ ባለበት ይረጋል። የሚያርፈው አውሮፕላን ምድሪቱን በዓይኑ ስለሚያነብ የሚንቀሳቀስ ነገር ያወላውለዋል ተብለናል። ሙሽራ አንድ እግሯን ከመኪና እንዳወጣች ትቆማለች። ቀባሪዎች ሬሳውን በትከሻቸው እንደያዙ ይቆማሉ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከደንበኛው ጉሮሮ ላይ ሳያነሣ ይቆማል። የከተማችን ሕፃናት አለመንቀሳቀስን የሚማሩት አፍ ሳይፈቱ ነው።

ስሕተቱን ያገኘሁት በሁለት መቶ ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ “ጥቅምት 14 ቀን 2039 ዓ.ም.። ጀት ቁጥር 614። አብራሪ ሻምበል ኢዮስያስ ቱፋ። የመውደቁ ምክንያት የአብራሪው ቸልተኝነት። የእርግጠኝነት መጠን ሰማንያ ሰባት በመቶ።”

ሻምበል ኢዮስያስ ያን ዕለት ጀቱ አልታዘዝ ሲለው ከከተማው አርቆ ወደ ሐይቁ ለመውሰድ ሲታገል ሞተ። የያኔው አጣሪ ጉባኤ ስባሪውን ከሐይቁ ሥር ማውጣት ስላልቻለ “ምክንያቱ አልታወቀም” ብሎ ነበር የፈረመው። ታሪኩን ያቀናበረው ማሽን፣ እኛ መዝጋቢው የምንለው፣ “አልታወቀም” የሚባል ቃል አይቀበልም። ባዶ ቦታ ባገኘበት ሁሉ አስልቶ ሞልቶታል። ታሪኩ በሚዘጋበት ቀን ሁለት የድንጋይ ሰሌዳዎች በአደባባይ ይገለጣሉ። በአንደኛው ላይ “በግዳጅ ላይ የወደቁ”፣ በሁለተኛው ላይ “በራሳቸው ጥፋት የወደቁ” ስማቸው ይቀረጻል። ሻምበል ኢዮስያስ የተመደበው ከሁለተኛው ነበር።

ሰኔ 9 ቀን ማለዳ በር ቁጥር አንድ ስደርስ የሻምበሉን ልጅ ሶልያናን ከውስጥ ስትወጣ አገኘኋት። አባቷ ሲሞት የስምንት ወር ጨቅላ ነበረች፤ ዛሬ የአርባ ሦስት ዓመት መምህርት ናት። እናቷን አምና ቀብረናል።

“ሻለቃ ባሻ፣ እርስዎም ለአቤቱታ ነው?” አለችኝ።

“ስለ አባትሽ ነው የመጣሁት።”

“መዝጋቢው እኔን አሰናብቶኛል። የልጅ ፍቅር ማስረጃ አይሆንም አለኝ። ድምፁ ግን እንዴት ለስላሳ መሰለዎት፤ ምሳ ሊጋብዘኝ ነው ብዬ ነበር።” ነጠላዋን አስተካከለች። “እርስዎማ ያውቁታል። የአባቴ አውሮፕላን የሚነሣው እርስዎ ሲፈቅዱ ነበር። ስሙ ከዚያኛው ድንጋይ ላይ እንዳይቀረጽ ብቻ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልጠይቅም።”

መልስ ሳልሰጣት የርጋታው ድምፅ ተሰማ። አንገትን ማዞርም ሆነ ዓይንን መስበር በደንቡ የተከለከለ ነውና፣ ፊት ለፊት እንደተያየን አርባውን ሰከንድ ቆምን። እሷ በተስፋ ታየኝ ነበር። ድምፁ ሲያበቃ “አስረዳዋለሁ” ብያት ገባሁ።

ክፍሉ አንድ ወንበርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ያለበት ነጭ ክፍል ነው። አልተቀመጥሁም።

“እንኳን ደህና መጡ፣ ሻለቃ ባሻ ዘርይሁን ላቀው” አለ መዝጋቢው። “ቤትዎ ነው፤ አረፍ ይበሉ።”

“ቆሜ ነው የምናገረው። ጥቅምት 14 ቀን 2039 ዓ.ም. የመሣሪያ ሰሌዳው ሙሉ ነው ብዬ የፈረምሁት ሐሰት ነበር። እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።”

ለማያውቅ አንባቢ ይህን ላስረዳ። በእኛ ዘመን ጀቶቹን የሚጠግነው የሰው እጅ ነበር። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መፍቻው ሁሉ በአውሮፕላን መጠለያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ቁጥርና በቀይ ቀለም የተሣለ የራሱ ጥላ ነበረው። ጀት ከመነሣቱ በፊት መሣሪያው ሁሉ ወደ ጥላው ይመለሳል። አንድ ጥላ ባዶ ከሆነ የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ “ጎድሏል” ብሎ ይፈርማል፤ ያ መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ በሜዳው ላይ አንድም አውሮፕላን አይነሣም። በጀት ሆድ ውስጥ የተረሳ መፍቻ አብራሪ ይገድላልና። ይህንን ትእዛዝ የማረፊያው አዛዥ እንኳ ሊሽረው አይችልም ነበር። ሥልጣኑ የእኔ ነበር።

በዚያን ቀን ማለዳ የቁጥር ሃያ ሰባት መፍቻ ጥላ ባዶ ነበር። የበረራ ትርኢቱን ሊያዩ እንግዶች ከዋናው ከተማ መጥተው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። በእኔ ኃላፊነት ጊዜ ሜዳው በጉድለት ቆሞ አያውቅም ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር። በእኔ ሥር የሚሠራ ሸምሱ ከድር የሚባል አስር አለቃ ነበር፤ ሞተር ብስክሌቱን ለመጠገን አልፎ አልፎ መፍቻ ወደ ቤቱ ወስዶ ጠዋት ይመልስ እንደነበር አውቅ ነበር። ዛሬም እንደዚያው አድርጓል፣ አርፍዶ ያመጣዋል ብዬ ገመትሁ። እርሱን ከመጠየቅ ይልቅ ከተማው ውስጥ ካለው የብረታ ብረት ሱቅ ተመሳሳዩን ገዛሁ፣ ቁጥሩን በእጄ ቀረጽሁበት፣ ከጥላው ላይ ሰቀልሁት፣ “ሙሉ ነው” ብዬ ፈረምሁ። 614 ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተነሣ።

መዝጋቢው እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“ስላካፈሉን እናመሰግናለን። የአርባ ሁለት ዓመት ትውስታ ክብደቱ አሥራ አንድ በመቶ ነው። የእርስዎ ፊርማ ክብደት መቶ በመቶ ነው። በአገልግሎት ዘመንዎ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ ፈርመዋል፤ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። ዛሬ በማረፊያው የሚደረገው ፍተሻ ሁሉ የተለካው በእርስዎ ፊርማ ነው።”

“ከእነዚያ አንዱ ሐሰት ነው እያልሁህ ነው።”

“የፈረሙት እርስዎ ነዎት።”

“አዎን፣ እኔ ነኝ።”

“እንግዲያውስ ትክክል ነው።”

ሰኔ 12፣ ሰኔ 15 እና ሰኔ 16 ቀን ተመለስሁ። በየጊዜው እንኳን ደህና መጡ አለኝ፣ በየጊዜው ውኃ አቀረበልኝ። በአራተኛው ቀን ጡረተኞች በትውስታ ሲጨነቁ የሚያረጋጋ ሙዚቃ እንዳለው ነገረኝ። ይህን ያህል በትሕትና የተዋረድሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በመጨረሻ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ከአፉ አወጣሁ፤ በጉዳዩ ላይ ሁለት በሕይወት ያሉ ምስክሮች ከቀረቡ ገጹ እንደገና ይሰላል።

ሁለተኛው ምስክር ሸምሱ ነው። ዛሬ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከከተማው ዳር ማንም እንዲነዳቸው የማይፈቀድለትን አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ይጠግናል።

“ሻለቃ ባሻ፣ ጀርባዎ ውስጥ ብረት አስገብተውበታል እንዴ?” አለኝ ከሩቅ። “በሰማንያ አንድ ዓመትዎ እንዲህ ቀጥ ብለው ሲመጡ ሳይ እኔን ወገቤን ያመኛል።”

“አንተ ጎንበስ ብለህ ነው ያረጀኸው።”

“በእርስዎ ሥር አሥር ዓመት የሠራ ሰው ምን ሊሆን ኖሯል?”

“ሸምሱ፣ የ614ን ነገር ላነጋግርህ ነው የመጣሁት።”

በእጁ የያዘውን ካቻቢቴ መሬት ላይ አኖረ።

“አርባ ሁለት ዓመት ዘገዩ” አለኝ።

“ታውቅ ነበርን?”

“ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠርተው ‘ሃያ ሰባትን ቤትህ ወስደሃል?’ አሉኝ። አልወሰድሁም አልሁዎት። ወጥቼ ሰሌዳውን አየሁት። ከአጠገቡ ያሉት ሁሉ በዘይት ጠቁረዋል፤ ሃያ ሰባት ብቻ እንደ ሙሽራ ያበራል። ጅል አይደለሁም እኮ።”

“ለምን ዝም አልህ?”

“ለማን ልናገር? ከእርስዎ ፊርማ ጋር ክርክር ልግጠም? ‘ሌባው ሸምሱ’ ይሉኝ የነበሩትም እርስዎ ነበሩ።”

“ብዬሃለሁ።”

“ቢያንስ አሁን ከእኔ ጋር አልተከራከሩም። ይህንንስ ለታሪክ በጻፉልኝ።” ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ቆይ ኮቴን ልልበስ።”

ሰኔ 19 ቀን ሁለታችንም ነጩ ክፍል ውስጥ ቆመን መሰከርን። መዝጋቢው ሁለቱን ቃሎች አገናዘበ፤ ለማሰላት አራት ሰከንድ ያህል ወሰደበት።

“ምስክርነቱ ተቀባይነት አግኝቷል። በ614 ውስጥ መፍቻ መረሳቱ ዘጠና አንድ በመቶ እርግጥ ነው። የሻምበል ኢዮስያስ ቱፋ ስም ወደ መጀመሪያው ሰሌዳ ሊዛወር ይችላል።”

ወደ ሸምሱ ዞር አልሁ።

“የሻለቃ ባሻ ዘርይሁን ፊርማ ትክክል በመሆኑ” ብሎ ቀጠለ፣ “መፍቻው የጎደለው ከፊርማው በኋላ ነው። ከፊርማው በኋላ ጀቱ ዘንድ የነበሩት ባለሙያ አቶ ሸምሱ ከድር ናቸው። ጥፋቱ በእርሳቸው ስም ይመዘገባል። ከተስማሙ እዚህ ላይ ይፈርሙ።”

ሸምሱ ወደ ጣሪያው አንጋጦ ሳቀ። “እኔን አውሮፕላን ላይ እንኳ ሳልወጣ ሊጥለኝ ነው?”

“ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁህ” አልሁት መዝጋቢውን። “ይህ ሰው አላጠፋም። ስንት ጊዜ ልናገር?”

“ንግግርዎ ተመዝግቧል። ክብደቱ አሥራ አንድ በመቶ ነው።”

ምስክርነታችንን አንሥተን ወጣን። አለበለዚያ አንዱን ንጹሕ ሰው በሌላ ንጹሕ ሰው ለውጠን መሄዳችን ነበር። ከአጥሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ለብዙ ዓመታት ከሰው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። በሕይወቴ ሙሉ ፊርማዬ እንዲታመን ነበር የደከምሁት፤ ተሳክቶልኛል፤ አሁን እኔን ራሴን የሚያስተባብለኝ እርሱ ሆኗል። ይህንን ለሸምሱ ነገርሁት።

“ታዲያ አፍዎን ይተዉትና ፊርማዎን ይጠቀሙበት” አለኝ።

“በምን ላይ?”

“ሃያ ሰባት ተገኝቷል እንዴ?”

“አልተገኘም።”

“ጎድሏላ። የጉድለት ቅጽ የጊዜ ገደብ የለውም፣ መሣሪያው ካልተገኘ ሰውየው ቢሞትም ቅጹ ክፍት ነው እያሉ ስንት ዓመት ጆሮዬን ሲያደነቁሩት የኖሩት እርስዎ አይደሉም?”

ተነሥቼ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ ስለ ታሪክ አላወራሁም። “የጉድለት ቅጽ ስጠኝ” አልሁት። በሐሮ ሜዳ የእጅ መሣሪያ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ደንቡ ግን የተሻረበት ቀን የለም። ቅጹ በነጩ ግድግዳ ላይ በራ። “የሐሮ ሜዳ ንብረት የሆነ ቁጥር ሃያ ሰባት መፍቻ በቦታው የለም” ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

መዝጋቢው “ተቀብያለሁ” አለ። ወዲያውም ከሰማይ ያሉት ሁሉ ወደ ሌላ ማረፊያ እንዲሄዱ፣ ከምድር ያሉትም እንዳይነሡ ታዘዙ። አንድ ጥያቄ ብቻ አስከተለ፤ መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የሠራበት አውሮፕላን የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ።

“614።”

“ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።”

በዚህ መንገድ ሐሮ ሜዳ አምስት ቀን ተኩል ቆመ። በእነዚያ ቀናት የርጋታው ድምፅ አልተሰማም፤ ሰዉ ግን በየሃያ ደቂቃው ከልማዱ የተነሣ ይቆም ነበር። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ሽንኩርት በእጇ እንደያዘች ቆማ፣ ድምፅ እንዳልነበረ ባሏ ሲነግራት ተቆጥታ “ብቻዬን ልንቀሳቀስ?” ስትለው ሰምቻለሁ። በሐይቁ ላይ ጠላቂ ማሽኖች ገቡ። ለአጣሪው ጉባኤ አርባ ሁለት ዓመት አልወጣ ያለው ስባሪ በሁለት ቀን ወጣ። ሸምሱና እኔ ከዳር ቆመን እናይ ነበር።

“ሲፈልጉ ይችላሉ” አለ ሸምሱ።

መፍቻው በመሪ ዘንጉ ማያያዣ መካከል ተሰንቅሮ ተገኘ። ዝጎ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ሻምበል ኢዮስያስ መሪውን በሁለት እጁ ሲጎትት አልንቀሳቀስ ያለው ይህ ነው።

የተሻሻለው ገጽ በሰኔ 28 ቀን ወጣ። እንደሚከተለው ነበር፦ “የመውደቁ ምክንያት የተረሳ መሣሪያ። የሻምበል ኢዮስያስ ቱፋ ስም ወደ መጀመሪያው ሰሌዳ ተዛውሯል። በዕለቱ በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ሃያ ሰባት የተቀረጸበት መፍቻ ስለነበረ የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ትክክል ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር መያዛቸው የግምጃ ቤት አሠራር ግድፈት ነው። ጥፋተኛ የለም። ጉድለቱን በወቅቱ ላመለከቱት ለሻለቃ ባሻ ዘርይሁን ላቀው ማረፊያው ምስጋናውን ያቀርባል። የፊርማዎቻቸው ብዛት ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ስሕተት የለበትም።”

“በወቅቱ” የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብሁት። በማግስቱ ማለዳ በር ቁጥር አንድ ነበርሁ።

“ሁለተኛውን መፍቻ የቀረጽሁት እኔ ነኝ። የገዛሁበትን ሱቅ ልነግርህ እችላለሁ” አልሁት።

“ሱቁ ፈርሷል። ምስጋና አይገባንም የሚሉ ባለውለታዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ የትሕትና ምልክት ነው።”

“ትሕትና አይደለም። ምስጋናውን ሰርዝ።”

“በጉዳዩ ላይ ሌላ ምስክር ካለዎት ያቅርቡ።”

ሸምሱ እንደገና ሊመሰክርልኝ ፈቃደኛ ነበር፤ መዝጋቢው ግን አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የሚመሰክረው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ገለጸልን። ሱቁን የሚያውቁ ሁሉ ሞተዋል። በሰኔ 30 ከቀኑ በስድስት ሰዓት ታሪኩ ተዘጋ። ሰሌዳዎቹ ተገለጡ፤ የሻምበሉ ስም በመጀመሪያው ላይ፣ ከላይ ሦስተኛ ሆኖ ተቀርጿል። ለእኔም የምስጋና ወረቀት በግድግዳዬ ላይ በራ፤ ሊጠፋ የሚችል አይደለም።

በማግስቱ ወደ ሶልያና ቤት ሄድሁ። በረንዳዋ ላይ የተሻሻለውን ገጽ አሳትማ በእጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ተነሥታ ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥሁም፤ እርሷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች።

“ትናንት ሄጄ በጣቴ ነካሁት” አለችኝ። “ስሙን። ምን እንደምልዎት አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ‘ጥፋተኛ የለም’ ይላል። ሁለተኛው መፍቻ ከየት መጣ?”

“እኔ ነኝ ያመጣሁት።”

ባዶውን ጥላ፣ በድንኳኑ ውስጥ ይጠብቁ የነበሩትን እንግዶች፣ የብረታ ብረቱን ሱቅ፣ በእጄ የቀረጽሁትን ቁጥር፣ ፊርማውን፣ አንድ በአንድ ነገርኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። እንደ መዝጋቢው ክብደቱን አልነገረችኝም።

“እናቴ ይህን ታውቅ ነበር?”

“አታውቅም ነበር።”

“በዚህ ደጅ ሲያልፉ ሁልጊዜ ከወንበሯ ትነሣልዎት ነበር። ጉልበቷ ከታመመ በኋላም። እኔንም ‘የአባትሽን አውሮፕላን ያሰናዳ ሰው ነው፣ ተነሺ’ ትለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስነሣልዎት ኖሬአለሁ።”

“አዎን” አልኋት። “ትነሡልኝ ነበር።”

ወረቀቱን በአራት አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ለረጅም ጊዜ ወደ ሐይቁ ተመለከተች።

“ስለነገሩኝ ጥሩ ነው” አለችኝ። “አሁን ይሂዱ።”

ባርኔጣዬን አደረግሁ። ደረጃውን ወርጄ የአጥሩን በር ስዘጋ ዘወር ብዬ አየኋት። እንደተቀመጠች ነበር።